የጃፓን የተራራ ቢላዋ እንዴት ይሠራል፣ እንዴትስ ይታዘዛል?

በሰሜን ጃፓን፣ በአኪታ ግዛት፣ አኒ በሚባለው ተራራማ አካባቢ ማታጊ የሚባሉ አዳኞች አሉ። በቅዝቃዜው ወራት በረዶ የሚከመርበት አገር ነው። ማታጊዎች ድብ ፍለጋ ሲወጡ የሚታጠቁት ቢላዋ ናጋሳ ይባላል። ከናጋሳ ዓይነቶች አንዱ፣ ፉኩሮ ናጋሳ የሚሉት፣ የእንጨት እጀታ የለውም። ስለቱም እጀታውም ከአንድ ብረት የተቀጠቀጡ ናቸው፤ የእጀታው ብረት ተጠቅልሎ ውስጡ ክፍት የሆነ ቱቦ ይሆናል። አዳኙ ጫካ ውስጥ ቀጥ ያለ እንጨት ይቆርጥና ጫፉን ጠርቦ በቱቦው ውስጥ ይሰካዋል። በዚያች ቅጽበት ቢላዋው ጦር ሆነ ማለት ነው። ሥራው ሲያልቅ እንጨቱን ይነቅልና ቢላዋውን ወደ አፎቱ ይመልሳል።

በረዶ እየረገጡ ዳገት ለሚወጡና ቁልቁለት ለሚወርዱ ሰዎች ረጅም ጦር መሸከም ጭነት ነው፤ ድብ ፊት ደግሞ አጭር ቢላዋ ይዞ መቆም አይቻልም። ቱቦው የሁለቱ ችግሮች መፍትሔ ነው። ከጃፓን ቀጥቃጭ ቢላዋ ለማሠራት ለሚያስብ ሰው ይህን ናጋሳ አስቀድሜ የማነሣለት በምክንያት ነው። ብዙ ሰው ቢላዋ የሚያዝዘው ፎቶግራፍ አይቶ ነው፤ «እንደዚህ ያለ ሥራልኝ» ይላል። እኔ ግን ለቀጥቃጩ መነገር ያለበት ቢላዋው የሚሠራው ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። ርዝመቱ፣ ውፍረቱ፣ የጫፉ አወራረድ፣ የብረቱ ዓይነት፣ ሁሉም ከዚያ ይመጣል።

የተራራ ቢላዋዎቹ አባት ናታ ነው። የጃፓን ገበሬና የደን ሠራተኛ የዕለት መሣሪያ ሲሆን በመጥረቢያና በቢላዋ መካከል ይመደባል። ከብዶ በአንድ እጅ ይወነጨፋል፤ ቅርንጫፍ ይመለምላል፣ ማገዶ ይፈልጣል፣ ቀርከሃ ይሰነጥቃል። የተለመደው ናታ ጫፉ ሹል አይደለም፤ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነው። ከመሬት ተጠግቶ ቁጥቋጦ ሲመታ ሹል ጫፍ ቢኖረው ድንጋይ አግኝቶ ይሰበራል። እንዲያውም አንዳንዱ ናታ ከስለቱ አልፎ የሚወጣ ትንሽ ምንቃር አለው። ድንጋይ ሲያጋጥም ቀድሞ የሚነካው ምንቃሩ ስለሆነ ስለቱ ይተርፋል። አዳኝ ግን መውጋትም ቆዳ መግፈፍም ስላለበት ሹል ጫፍ ይፈልጋል፤ ለእሱ የሚሠራው ኬንናታ ነው። ካምፒንግና የተራራ ጉዞ የሚወዱ ሰዎች ዛሬ በብዛት የሚያዝዙት ይህንኑ ነው።

እነዚህን ቢላዋዎች የሳሙራይ ጎራዴ ወራሾች ናቸው እያሉ የሚሸጡ ብዙ ናቸው። በ1876 እ.ኤ.አ. ጎራዴ ታጥቆ መሄድ በአዋጅ ሲከለከል ብዙ ጎራዴ ሠሪዎች ወደ ቢላዋና ወደ እርሻ መሣሪያ መዞራቸው እርግጥ ነው። የተራራው ቢላዋ የትውልድ ቦታ ግን የመንደር ቀጥቃጩ ቤት ነው። ይህ ሰው ማጭድና መቆፈሪያ ይሠራል፣ የጎረቤቱን የዶለዶመ መሣሪያ ያድሳል፤ የደንበኛውን መሬትና ክንድ ያውቃል። ናታም ከወረዳ ወረዳ ቅርጹ የሚለያየው በዚህ የተነሣ ነው።

ለማሠራት ከሚመቹት ቦታዎች አንዷ በሺኮኩ ደሴት ያለችው የኮቺ ግዛት ናት፤ የጥንት ስሟ ቶሳ። ከመሬቷ 84 በመቶው ደን ነው፤ ከጃፓን ግዛቶች አንደኛ ናት። የቶሳ ቀጥቃጮች ነጻ ቅጥቀጣ በሚሉት ዘዴ ይታወቃሉ፦ ቅርጽ ማውጫ ሳይጠቀሙ፣ የጋለውን ብረት በመዶሻ እየመቱ ከወረቀት ላይ ሥዕል ተነሥተው የተባለውን ቅርጽ ያወጣሉ። ቅርጽ ማውጫ ያለው ፋብሪካ አንድ ቢላዋ ብቻ ሥራልኝ ሲሉት ይከብደዋል፤ ለእነርሱ ግን የዕለት ሥራቸው ነው። የቶሳ የስለት ሥራ በ1998 በጃፓን መንግሥት ባህላዊ ዕደ ጥበብ ተብሎ ተመዝግቧል። በፉኩዪ ግዛት ያለው የኤቺዘን የስለት ሥራ ይህን ማዕረግ ያገኘው ቀድሞ በ1979 ነው። የኒጋታዋ ሳንጆም ስመ ጥር የቀጥቃጮች ከተማ ናት።

ወደ ብረቱ እንምጣ። አንድ ናታ ባብዛኛው የሁለት ብረቶች ውሕድ ነው። ስለቱ ሃጋኔ የሚሉት ጠንካራ አረብ ብረት ሲሆን ቀሪው አካል ጂጋኔ የሚባል፣ ካርቦን የለውም ሊባል የሚችል ለስላሳ ብረት ነው። ቀጥቃጩ በሁለቱ መካከል ቦራክስና ደቃቅ የብረት ብናኝ ይነሰንስና አግሎ በመዶሻ ያዋሕዳቸዋል። ጠንካራው ብቻውን ቢሆን ከባድ ምት ሲያርፍበት ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ለስላሳው ምቱን ይውጥለታል። በመሳያ ድንጋይ ላይም ድንጋዩ በብዛት የሚበላው ለስላሳውን ስለሆነ ስለት ማውጣቱ ይቀላል። የተጠናቀቀ ቢላዋ ጎን ላይ ዓይኑን አስጠግቶ ያየ ሰው፣ ከስለቱ ጥቂት ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ወዲያ ወዲህ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ቀጭን መስመር ያገኛል። ከመስመሩ በታች ብረቱ ያበራል፤ ከበላዩ ደብዘዝ ያለ ግራጫ ነው። ያ መስመር ሁለቱ ብረቶች የተጋጠሙበት ነው።

ብዙ ቀጥቃጮች የሚጠቀሙበት አረብ ብረት የሚመረተው በሺማኔ ግዛት በያሱጊ ከተማ ነው። ዓይነቶቹ የሚለዩት ፋብሪካው በሚጠቀምበት የወረቀት ቀለም ነው፦ ነጭ ወረቀት፣ ሰማያዊ ወረቀት። ነጩ ከብረትና ከካርቦን በቀር ብዙም ነገር አልገባበትም፤ ቁጥር 2 የሚባለው ከ1.05 እስከ 1.15 በመቶ ካርቦን አለው። በቀላሉ ይሳላል፣ ስለቱም እጅግ የሰላ ይሆናል። ሰማያዊው ላይ ተንግስተንና ክሮሚየም ስለሚጨመር ስለቱ ቶሎ አይዶለዱምም። ሁለቱም ይዝጋሉ። ቀን ሙሉ እንጨት ለሚቆርጥ ሰው እኔ ሰማያዊ ቁጥር 2ን እመርጣለሁ። ካርቦኑ እስከ 1.5 በመቶ የሚደርሰው ሰማያዊ ሱፐር ለወጥ ቤት ቢላዋ ድንቅ ነው፤ በብርድ የደረቀ እንጨት ወይም አጥንት ለሚመታ መሣሪያ ግን አልመክረውም፤ ስለቱ ይሸረፋል።

የሥራው ሁሉ ልብ ያለው ብረቱን አግሎ ውሃ ውስጥ በመንከሩ ላይ ነው። አስቀድሞ ቢላዋው በቀጭን ጭቃ ይቀባና ይደርቃል፤ ጭቃው የእንፋሎት አረፋ ብረቱን ከብቦ ውሃው እንዳይደርሰው ይከላከላል። ከዚያ መብራት ይጠፋል፣ መስኮት ይጋረዳል። ቀጥቃጩ የብረቱን ሙቀት የሚለካው በቀለሙ ነው፤ የቀን ብርሃን ካለ ዓይን ይታለላል። 800 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ፣ ቀዩ ከጫፍ እስከ እጀታው ሥር እኩል መሆኑን አይቶ በአንድ ትንፋሽ ውሃው ውስጥ ይከተዋል። ነጩ አረብ ብረት እዚህ ላይ ምሕረት የለውም፤ ጥቂት ዲግሪ ሲያልፍ ይበላሻል። አንዳንዴ ከውሃው ውስጥ ስል ያለች ድምፅ ትሰማለች። ብረቱ ተሰነጠቀ ማለት ነው፤ የቀናት ድካም ወደ ቁርጥራጭ ክምር ይጣላል።

ከውሃ የወጣው ብረት ገና ተሰባሪ ነው። እንደገና ለዘብ ባለ እሳት፣ ከ150 እስከ 200 ዲግሪ ባለው፣ ይሞቃል። የጥንቱ ዘዴ ውሃ ጠብ አድርጎ ጠብታዋ ብረቱ ላይ እንዴት እንደምትሆን ማየት ነው፦ ተሰራጭታ ትተናለች ወይስ ተንከባላ ትሸሻለች? ሁለቱ ብረቶች እኩል ስለማይኮማተሩም ቢላዋው ይጣመማል፤ ቀጥቃጩ ዓይኑን በጀርባው መስመር ላይ አድርጎ ለስላሳውን ጎን በቀስታ እየመታ ያቃናዋል። ደንበኛው ስለ ሥራው የተናገረው የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ጀርባውን በእንጨት እየመታ ማገዶ የሚፈልጥበት ከሆነ ስለቱ ትንሽ ለዘብ እንዲል ይደረጋል፤ ዓሣና ሥጋ ብቻ የሚቆርጥበት ከሆነ ጠንክሮ ይቀራል።

ስለቱ በአንድ ጎን ብቻ የሚሳል ወይም በሁለቱም ጎን የሚሳል ሊሆን ይችላል። በአንድ ጎን የተሳለው ግንድ ጥግ ላይ ቅርንጫፍን ለጥ አድርጎ ለመመልመል የሚስተካከለው የለም፤ ጠፍጣፋው ጎን ግንዱ ላይ ይተኛል። እንጨት ሲፈልጥ ግን ወደ አንድ ጎን ይንሸራተታል። ቀኝ እጅና ግራ እጅም ስለሚለይ ግራኝ የሆነ ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያሠራ ሰው የሁለት ጎኑን ቢወስድ ይሻለዋል።

ርዝመት በጃፓን የሚነገረው በሱን ነው፤ አንድ ሱን 3.03 ሴንቲሜትር ይሆናል። ሰባት ሱን፣ ማለትም 21 ሴንቲሜትር ገደማ፣ የአዳኝ ኬንናታ የተለመደ መጠን ነው። ድንኳን ተክሎ ለሚያድር ሰው አምስት ሱን ይበቃዋል። ጀርባው ላይ 6 ሚሊሜትር ውፍረት ብዙ ሥራ ይችላል፤ ከዚያ ሲያልፍ ክንድ ይደክማል። ከማዘዝ በፊት ከሣንቃ ላይ በትክክለኛው ልክ ቅርጹን ቆርጦ ወገብ ላይ አስሮ መዋል ከብዙ ሥዕል የበለጠ ያስተምራል። የመዳፍ ስፋትና የጣቶች ርዝመትም ተለክቶ ይላካል፤ ጓንት የሚያደርግ ሰው ጓንቱን እንዳደረገ ይለካ።

እጀታን በተመለከተ ከምዕራብ አገር የሚያዝዙ ሰዎች ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ ድረስ ግልጽ ሆኖ እንዲዘልቅ ይጠይቃሉ። ሊሠራ ይችላል። እኔ ግን የድሮውን መንገድ እደግፋለሁ፦ የብረቱ ጭራ ኦክ እንጨት ውስጥ ይገባና በብረት ቀለበትና በሚስማር ይጠበቃል። በብርድ ቀን መዳፍ ባዶ ብረት አይነካም፤ እንጨቱ ቢሰበር ሚስማሩን አውጥቶ ሌላ ማስገባት ይቻላል። የእጀታው ጫፍ ትንሽ ሰፋ እንዲል ይነገር፤ በላብ እጅ ሲወነጨፍ እንዳያመልጥ። አፎቱ ከማግኖሊያ እንጨት ቢሠራ መልካም ነው፤ ሙጫው ጥቂት ስለሆነ ብረቱን አያዝግም። ከእሳት የወጣው ጥቁር ሽፋን ሳይፋቅ እንዲቀር መጠየቅም ይቻላል፤ ዝገትን ያዘገያል፣ ዋጋም ይቀንሳል።

ከማዘዝ በፊት ሕጉንም ማወቅ ያስፈልጋል። የጃፓን የጦር መሣሪያና የጎራዴ ሕግ የ1958 ነው። ከ6 ሴንቲሜትር የሚበልጥ ስለት ያለ በቂ ምክንያት ይዞ መንቀሳቀስ እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 300,000 የን ያስቀጣል፤ ወደ አደን ወይም ወደ ተራራ መሄድ በቂ ምክንያት ነው። ከ2009 ጀምሮ ደግሞ በሁለቱም ጠርዝ የተሳለ፣ ከ5.5 ሴንቲሜትር ያላነሰ ጩቤ መያዝም ተከልክሏል። ተቀባዩ የሚኖርበት አገር ሕግም አስቀድሞ ይታይ፦ ለምሳሌ ጀርመን ውስጥ ስለቱ ከ12 ሴንቲሜትር የሚበልጥ የማይታጠፍ ቢላዋ ያለ በቂ ምክንያት ይዞ መውጣት ክልክል ነው።

ጥበቃው ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ስመ ጥር ቀጥቃጭ ከሆነ ከዓመት ያልፋል። ቢላዋው ሲደርስ ጀርባውን ወደ ብርሃን አቅንቶ ቀጥ ማለቱን፣ የሁለቱ ብረቶች መስመር ሳይቋረጥ ከሥር እስከ ጫፍ መሄዱን፣ እጀታው ቀለበቱ ጋ አለመላወሱን ማየት ያስፈልጋል። ጉድለት ካለ እንጨት ሳይመታበት ለቀጥቃጩ ይጻፍለት። ከዚያ በኋላ ያለው እንክብካቤ ቀላል ነው፦ ከሥራ በኋላ አጥቦ ማድረቅ፣ የካሜሊያ ዘይት በስሱ መቀባት፣ በቁጥር 1000 ድንጋይ መሳል። አፎቱ የረጠበ ከሆነም እስኪደርቅ ድረስ ቢላዋውን ከውስጡ አውጥቶ ማሳደር ነው።