ቬንገር ካምብሪጅ የሄደው ለኳስ አልነበረም

የአርሴናልና የቼልሲ ደጋፊዎች በቬንገርና በሞሪንሆ የተነሳ በየዲኤስቲቪ ቤቱ ስንቱን ተባብለዋል! ሁለቱ ሰዎች የሚመሳሰሉበትን ነገር ግን ብዙዎቻችን አናነሳውም። ሁለቱም በተጫዋችነት ይሄ ነው የሚባል ስም አልነበራቸውም። ሁለቱም ግን ተምረዋል፤ ለትምህርትም ከሀገራቸው ወጥተዋል።

ቬንገር በስትራስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ያጠና ምሩቅ ነው። ዲግሪው አልበቃ ብሎት በ29 ዓመቱ እንግሊዝኛ ለመማር ለሦስት ሳምንት ካምብሪጅ ገባ። አርሴናልን የያዘው እ.ኤ.አ በ1996 ነው። ቋንቋው ቀድሞ ኪሱ ውስጥ ነበር ማለት ነው።

ሞሪንሆ ደግሞ ሊዝበን ውስጥ የስፖርት ሳይንስ አጥንቶ፣ ትምህርት ቤት ገብቶ ሰውነት ማጎልመሻ ያስተማረ ሰው ነው (ልክ እንደኛዎቹ ምሩቃን!)። ለአሰልጣኝነት ኮርስ እስከ ስኮትላንድ ተጉዟል። በ1992 ቦቢ ሮብሰን ስፖርቲንግ ሊዝበንን ሲይዝ ፖርቱጋልኛ አይችልምና አስተርጓሚ ተፈለገ። ሞሪንሆ በዚያች በር ገባ። በ1996 ሮብሰንን ተከትሎ ባርሴሎና ሲደርስ «አስተርጓሚው» እያሉ ያሾፉበት ነበር። በ2004 ፖርቶን ይዞ የሻምፒዮንስ ሊግን ዋንጫ አነሳ። ከዚያ በኋላ ማን ያሹፍ?

ወደኛው ስንመጣ፣ ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳር፣ ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች በስፖርት ሳይንስ የሚመረቁ ልጆች አሉን። «ውጭ» ሲባል ግን የሚታያቸው ለሙከራ የተጠራ ተጫዋች ብቻ ነው። ጀርመን ውስጥ የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ከ1964 ጀምሮ የታዳጊ ሀገር አሰልጣኞችን ሲያሠለጥን ኖሯል፤ ወጪውን ሲደግፍ የቆየው የሀገሪቱ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው። ለዚያ የስፖርቱ ፌዴሬሽን ድጋፍ ያስፈልጋል፤ ደብዳቤ ፍለጋ መመላለሱን መልመድ ነው እንግዲህ። የክለብ አስተዳደር ለሚወድ ደግሞ በ2000 የተጀመረው የፊፋ ማስተርስ አለ፤ ትምህርቱ በሌስተር፣ በሚላንና በኑሻቴል ይሰጣል። ክፍያው ቀላል አይደለም፤ የስኮላርሺፕ ዕድሉም ጠባብ ነው። ሳይሞክሩ «ለኔ አይሆንም» ማለት ግን ኳሱን ሳይነኩ ከሜዳ መውጣት ነው።

ሄዶ ይቀራል የሚል አይጠፋም። ይቀር ይሆናል። እዚሁ ተቀምጦ ዲግሪውን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ ሌላ ሥራ የያዘውስ ለኳሳችን ያው የቀረ አይደል?

ስለዚህ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሆይ፣ የቅዳሜው ጨዋታ የሚጀምረው ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋቱን ለእንግሊዝኛ ስጠው።