በየራሱ ምት፣ ወደ አንድ አቅጣጫ

ሳልፕ ስለሚባል የባሕር እንስሳ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? በሐይቆቻችን ውስጥ አታገኙትም፤ በሰፊው ውቅያኖስ ላይ እየተንሳፈፈ የሚኖር ነው። አካሉ እንደ መስተዋት ጥርት ያለ፣ እንደ ጄሊ የለሰለሰ፣ ቅርጹም ከፊትና ከኋላ ክፍት የሆነ ትንሽ በርሜል ይመስላል። ላየው ሰው ጄሊፊሽ ቢመስልም፣ በአመዳደቡ አከርካሪ ላላቸው እንስሳት ይቀርባል።

ሰውነቱን እንደ ቀለበት የከበቡት ጡንቻዎች ሲኮማተሩ ውኃው ከፊት ገብቶ ከኋላ ይወጣል። በዚሁ ግፊት ወደ ፊት ይጓዛል፤ ከዚሁ ውኃም ምግቡን ያጠልላል። ማጥለያው ከንፍጥ የተሠራ መረብ ሲሆን፣ ከሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ያነሱ ነገሮችን እንኳ ይይዛል። ከሰውነቱ የሚወጣው ጥቅጥቅ ያለ ኩስ በቀን እስከ 1,000 ሜትር ድረስ ሊሰምጥ ይችላል፤ ካርቦንንም ይዞ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ዓይን የማያየው ይህ ፍጥረት እንዲህ ያለ ሥራ ተሰጥቶታል። መዝሙረኛው በመዝሙር 104 ስለ ባሕር ፍጥረታት ብዛት ሲናገር በፈጣሪ ጥበብ የተደነቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ሳልፕ በአንዱ ትውልድ ብቻውን ይኖራል፤ በሚቀጥለው ትውልድ ደግሞ ብዙዎቹ ጎን ለጎን ተያይዘው እንደ ሰንሰለት ሆነው ይወለዳሉ። እነዚህ ደካማ ፍጥረታት በብዛት ሲሰባሰቡ ምን እንደሚያደርጉ ለመረዳት፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2012 በካሊፎርኒያ የሆነውን መመልከት ይበቃል። ዲያብሎ ካንየን በተባለው የኑክሌር ኃይል ማመንጫ የባሕር ውኃ መሳቢያ ወንፊቶችን ሞልተው፣ በሥራ ላይ የነበረው ክፍል እንዲቆም አስገድደዋል።

ታዲያ በሰንሰለቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ በአንድ ምት የሚቀዝፉ ይመስላችኋል? አይደለም። እያንዳንዱ በራሱ ምት ይቀዝፋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ኬሊ ሰዘርላንድና ዳንኤል ዋይስ ያሳተሙት ጥናት እንደሚያሳየው፣ ምታቸው መለያየቱ ጉዞውን ያለ መንገጫገጭ የተረጋጋ ያደርገዋል፤ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይገፋልና። አደጋ ሲነካቸው ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ቀዝፈው ያመልጣሉ።

የተወደዳችሁ ባለትዳሮች፣ ይህ ስንቱን ቤት ይመለከታል! ሚስት ሌሊት ተነሥታ በእንባ ትጸልያለች፤ ባል ደግሞ ማለዳ በጸጥታ ቃሉን ያነብባል። እርስዋ “መንፈሳዊነቱ ቀዝቅዟል” ትላለች፤ እርሱም “ስሜታዊ ናት” ይላል። አንዱ በሐዘን ጊዜ ማውራት ይፈልጋል፤ ሌላው ዝም ይላል። አንድ ሥጋ መሆንን አንድ ዓይነት መሆን አድርገን ስለምንረዳው፣ እግዚአብሔር ለመደጋገፊያ የሰጠንን ልዩነት መካሰሻ እናደርገዋለን። ክሱ ሲደጋገም ደግሞ በአንድ አልጋ የሚተኙ ሁለት ብቸኞች ይፈጠራሉ።

ይሁን እንጂ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። “እኔ የራሴ ምት አለኝ” ብሎ ገንዘብን መደበቅ፣ ከቤት መሸሽ፣ የልጆችን ሸክም ለአንዱ ብቻ መተው የሳልፕን ምሳሌ አይመስልም። ሳልፖቹ ምታቸው ቢለያይም አቅጣጫቸው አንድ ነው፤ ተያይዘዋልም። በክርስቲያን ትዳርም አቅጣጫው ክርስቶስ ነው። ሐዋርያው ጴጥሮስ በ1ኛ ጴጥሮስ 3፥7 ባሎች ሚስቶቻቸውን በማስተዋልና በአክብሮት እንዲይዙ ሲመክር፣ ይህ ካልሆነ ጸሎታቸው እንደሚከለከል ያስጠነቅቃል። ማስተዋል ማለት የትዳር ጓደኛን ምት ማወቅ ነው።

ደግሞም ሕመም፣ ዕዳ ወይም የልጅ መጥፋት ቤታችሁን ሲነካ፣ ያ ቀን በየራስ ምት የሚኬድበት አይደለም። ያን ጊዜ ሌላውን ሥራ ትታችሁ በአንድነት ተንበርከኩ፤ በአንድ ቃል ወስኑ።

በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ስልካችሁን ዘግታችሁ ተቀመጡ። እያንዳንዳችሁ “አንተ ስትገፋ እኔ ያረፍኩት፣ አንቺ ስትገፊ እኔ ያረፍኩት መቼ ነበር?” የሚለውን ጥያቄ መልሱ። መልሱን ስታገኙ ተመሰጋገኑ፤ ከዚያም እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ጸልዩ። አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሌላው በልቡ ቢጸልይ የሚሰማው አምላክ አንድ ነው። ተባረኩ።