ጨለማውን ሳይወስዱ ፎቶ ማንሳት

በጥር 1999 ዓ.ም. አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለእህቱ ሠርግ ወደ መንዝ ይዞኝ ሄደ። በደብረ ብርሃን አልፈን መሐል ሜዳ ደረስን፤ ከዚያ ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ተጉዘን ሠርግ ቤቱ ገባን። አዲስ የገዛሁትን ዲጂታል ካሜራ አንገቴ ላይ አንጠልጥያለሁ። ሠርግ ላይ ካሜራ የያዘ ሰው ምን ያህል እንደሚከበር ስለማውቅ ትንሽ መኮፈሴም አልቀረም።

ሲመሽ ዳሱ ውስጥ ሁለት ፋኖሶች ተሰቀሉ። በዕድሜ የገፉ አንድ አዝማሪ በርኖሳቸውን እንደደረቡ ማሲንቋቸውን ይዘው ተነሱ። እኔም ተነሳሁ። በፍላሽ አንድ ጊዜ ብልጭ አደረግሁ፤ ደገምኩ፤ ሠለስኩ። አራተኛው ላይ ሽማግሌው ግጥሙን ወደ እኔ አዞሩት። እንግዳው ፊቴን ሊያይ ብሎ መብረቅ ይዞ መጣ፤ የወሰደው ግን ጨለማዬን ነው የሚል ነበር ቁም ነገሩ። ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ የገባኝ ግን ሰሙ ብቻ ነበር። አፍሬም ፍላሹን አጠፋሁና አንዲት ፎቶ አንስቼ ተቀመጥኩ።

ወርቁ የገባኝ አዲስ አበባ ተመልሼ ፎቶዎቹን ኮምፒዩተር ላይ ስከፍት ነው። የአዝማሪው ፊት እንደ ወረቀት ነጭ ሆኗል። ከጀርባቸው ያለው ሁሉ ጥቁር ነው። ፋኖሱ የለም፣ የሚያጨበጭቡት ሴቶች የሉም፣ የጠላው ጋን የለም፣ ዳሱ ራሱ የለም። ሽማግሌው ያሉት ቃል በቃል ደርሷል። መጨረሻ ያነሳኋት ፎቶ ደግሞ ደብዝዛለች፤ ደጋን የያዘው እጃቸው እንደ ጭስ ተበትኗል። ልሰርዛት ነበር፤ እንዲሁ ስንፍና ይዞኝ ተውኳት።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት በትርፍ ጊዜዬ ብርሃን በማይበቃቸው የሙዚቃ ቤቶች ፎቶ ሳነሳ ኖሬአለሁ። ያን ምሽት ያጠፋሁትን ብዙ ሰው ዛሬም በስልኩ ሲያጠፋ ስለማይ የተማርኩትን ላካፍላችሁ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ፍላሽ ለምን ያበላሻል?

ብርሃን ከምንጩ በራቀ ቁጥር ይደክማል፤ የሚደክመው ግን ብዙዎቻችን እንደምንገምተው አይደለም። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። አዝማሪው ከካሜራዬ ሁለት ሜትር ርቀው ቆመዋል እንበል። አራት ሜትር ላይ የተቀመጠው እንግዳ የሚደርሰው እሳቸው ካገኙት ሩብ ብቻ ነው። ስምንት ሜትር ላይ ያሉት ሴቶች የሚደርሳቸው አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው። ካሜራው ደግሞ ሥራውን የሚያስተካክለው ለቅርቡ ሰው ነው። ስለዚህ ቅርቡ ይነጣል፣ ሩቁ ይጠፋል። የፋኖሱ የራሱ ብርሃን በፍላሹ ኃይል ስለሚዋጥ ሌሊቱን ሌሊት ያሰኘው ነገር ከፎቶው ይወጣል።

ይኸው ሕግ ግን በሌላ በኩል ይጠቅማል። ዘፋኙ ከፋኖሱ ሁለት ሜትር ርቆ ከነበረና ወደ አንድ ሜትር ከቀረበ፣ ፊቱ ላይ የሚያርፈው ብርሃን አራት እጥፍ ይሆናል። ብርሃን ከመጨመር ይልቅ ያለው ብርሃን ወዴት እንደሚወድቅ አይቶ ቦታ መያዝ የሚሻለው ለዚህ ነው። አሁን አንድ ቤት ስገባ መጀመሪያ የምፈልገው ዘፋኙን ሳይሆን አምፖሉን ነው።

ሦስቱ በሮች

ካሜራ ብርሃን የሚቆጣጠርባቸው ሦስት መንገዶች አሉት። የመጀመሪያው አፐርቸር የሚባለው የሌንሱ ቀዳዳ ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል። ከካሜራዬ ጋር የመጣው ሌንስ ወደ ፊት ሲሳብ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም ነበር። ኋላ የገዛሁት ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ እስከ ኤፍ 1.8 ይከፈታል። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ የሚገባው ብርሃን ግን ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል። ይህ ዓይነቱ ሌንስ በየካሜራ ፋብሪካው ከሚሠሩት ሌንሶች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። ዋጋው ሌላ ነው፤ ቀዳዳው ሲሰፋ ጥርት ብሎ የሚታየው ቦታ ስስ ይሆናል። ዓይን ላይ ካተኮሩ ጆሮው ሊደበዝዝ ይችላል።

ሁለተኛው ሸተር ነው፤ ካሜራው ዓይኑን ገልጦ የሚቆይበት ጊዜ። በ1/30ኛ ሰከንድ የሚገባው ብርሃን በ1/60ኛ ከሚገባው እጥፍ ነው። ነገር ግን በዚያች ቅጽበት የተንቀሳቀሰ ሁሉ ይደበዝዛል። እስክስታ የሚመታ ትከሻን ለማስቆም 1/250ኛ ወይም ከዚያ የፈጠነ ይፈልጋል። ደጋን የሚጎትት እጅን 1/125ኛ ብዙውን ጊዜ ይይዘዋል። ዝም ብሎ የቆመ ሰው፣ ክርንን ጎን ላይ አስደግፎ ትንፋሽ ይዞ ለሚያነሳ፣ በ1/30ኛም ይወጣል።

ሦስተኛው አይ.ኤስ.ኦ ነው፤ ካሜራው የገባለትን ብርሃን ምን ያህል አጉልቶ እንደሚያይ ይወስናል። ከ1600 ወደ 3200 ሲወጣ ፎቶው በእጥፍ ይደምቃል፤ ግን አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። የዛሬ ካሜራዎች በ6400 እንኳ በደህና ይሠራሉ። እኔ ምርጫ ቢሰጠኝ አሸዋውን እወስዳለሁ። ፎቶው አሸዋ ቢኖረውም ፊቱ ይታያል፤ የተንቀጠቀጠን ግን ማንም አያስተካክለውም።

አንድ ወጥመድ አለ። ካሜራ በራሱ ሲተው ጥቁሩን ዳራ አይቶ «ጨልሟል» ብሎ ያስባል፤ ሁሉንም ያደምቅና ፊትን ያቃጥላል። ስለዚህ መለኪያውን ፊቱ ላይ ብቻ ማድረግ፣ ወይም ካሜራው ከመረጠው አንድ ደረጃ ያህል ማጨለም ይገባል። ትኩረት አልይዝ ሲል ደግሞ ብርሃንና ጥላ የሚገናኙበትን ጠርዝ ይፈልጉ፤ የነጠላ ጥለት ወይም የማሲንቆው ረጅም አንገት ጥሩ ነው።

ቀይ አምፖል ዓለም ከተማ ላይ

መንዝ ላይ ችግሬ የብርሃን ማነስ ነበር። መርሐቤቴ ላይ ደግሞ የብርሃን ቀለም ሆነብኝ። ለሥራ የጀማን ሸለቆ ተሻግሬ ዓለም ከተማ ያደርኩ ጊዜ አንድ መጠጥ ቤት ገባሁ፤ ቤቱን የሚያበራው አንድ ቀይ አምፖል ነው። ያነሳሁት ሁሉ በርበሬ የተነሰነሰበት መሰለ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ካሜራው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊን ለየብቻ ይመዘግባል። ቀይ ብርሃን ብቻ ሲኖር ሁለቱ ባዶ ይቀራሉ፤ ቀዩ ሞልቶ ይፈሳል፤ የፊት መስመርም አብሮ ይጠፋል። መፍትሔው አጨልሞ ማንሳትና በኋላ ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥ ነው። ፎቶውን ካሜራው ሳያበስለው በጥሬው በሚያስቀምጠው «ሮው» በሚባለው ዓይነት ማንሳትም ብዙ ያድናል።

የአዲስ አበባ ቤቶች ሌላ ጣጣ አላቸው። የእኛ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ዙር ስለሚሄድ የሸምበቆ አምፖልና ርካሽ የኤል.ኢ.ዲ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ዓይናችን አያየውም፤ ካሜራ ግን ያየዋል፤ ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ይጋደምበታል። ሸተሩን 1/50ኛ ወይም 1/100ኛ ላይ ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ ያስተካክለዋል። የፋኖስ ብርሃን ይህ ሁሉ የለበትም። ቢጫነቱንም ጨርሶ ማጥፋት አይገባም። ቢጫ ካልሆነ ፋኖስ መሆኑ በምን ይታወቃል?

«ተቀበል!»

በ2003 ዓ.ም. እዚያው ቤተሰብ ሌላ ልጅ ሲድሩ እኔም ተጠራሁ። አሁን ሌንሱም ልምዱም አለኝ። የመንዝ ደጋ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ነው፤ የጥር ሌሊት አጥንት ይሰብራል። ብርድ ባትሪ ስለሚያዳክም ትርፉን ባትሪ ከሸሚዜ ኪስ ከትቼዋለሁ። ከውጭ ብርድ ወደ ሞቀው ዳስ ሲገቡ ሌንስ እንደ መነጽር ጉም ይለብሳል። ስለዚህ ካሜራውን ሳላወጣ ሩብ ሰዓት ያህል ከነቦርሳው አቆየሁት።

አዝማሪው ግን ሌላ ሰው ነው። ሽማግሌው ባለፈው ዓመት አርፈው ልጃቸው ማሲንቆውን ይዟል።

ፍላሽ አልባ ሆኜ ጥግ ይዤ ስቀመጥ በመጀመሪያው ሠርግ ያልሰማሁትን ሰማሁ። አዝማሪ ዝም ብሎ አይዘፍንም። ከእንግዳው አንዱ «ተቀበል!» ይላል፤ ግጥም ይሰጠዋል። አዝማሪው ይህን ሲሰማ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ደጋኑን ቀስ አድርጎ፣ ጆሮውን ሰጥቶ ይቆያል። ከዚያ ግጥሙን ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል። ያቺ የማዳመጥ አፍታ ለካሜራ የተሰጠች ናት። ፊቱ አይንቀሳቀስም፣ 1/30ኛ ይበቃል፤ ደግሞም የሰውየው ጥበብ ያለው እዚያች ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የማነሳበትን ጊዜ የሚነግረኝ ጆሮዬ ሆነ።

ሌላም አለ። አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ሌቪን መንዝ ውስጥ ኖሮ ያጠናውን ጨምሮ የጻፈው መጽሐፍ በ1965 እ.ኤ.አ. ሲታተም «ሰምና ወርቅ» የሚል ርዕስ የሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ቅኔ ያለው ግጥም ሲወርድ ሰዉ ወዲያው አይስቅም። ሰሙን ይሰማል፣ ያወጣል ያወርዳል፣ ወርቁ ሲገባው ነው ፊቱ የሚፈታው። የአድማጩን ፊት የሚፈልግ ፎቶ አንሺ ግጥሙ ሲያልቅ አንድና ሁለት ብሎ መቁጠር አለበት። ቸኩሎ የተነሳ ፎቶ ላይ ያለው ያልገባው ሰው ነው።

ሲነጋጋ ለልጁ ያመጣሁለትን ሰጠሁት። የአባቱን የፍላሽ ፎቶዎች በትልቁ አሳጥቤ ነበር፤ ያቺን ደብዛዛዋንም ለመሙያ ያህል ከሥር ጨምሬአታለሁ። አንድ በአንድ አገላበጠ። ጥርት ያሉትን ወደ ጎን አደረጋቸው። ደብዛዛዋን ይዞ ወደ በሩ ብርሃን ወጣና ብዙ ቆየ። «አባቴ እንዲህ ነበር» አለኝ። ፋኖሱ ከጎናቸው አለ፣ ከኋላ የሚያጨበጭቡት እጆች አሉ፣ ፊታቸው ቢጫ ብርሃን ላይ ዘንበል ብሎ የሆነ ሰው ያዳምጣሉ። ከእሳቸው የቀረ ሌላ ፎቶ አልነበረም። ፍላሹን ቀደም ብዬ አጥፍቼ ቢሆን ኖሮ አሥር እንዲህ ያሉ ይኖሩት ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ለነገ የሚቀረው

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት ሰሜን ሸዋንም ነክቷል፤ የነገርኳችሁ ጉዞ ሁሉ ከዚያ በፊት የሆነ ነው። ቤት መጥፋት ግን የገጠር ብቻ ነገር አይደለም። በጥር 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል ጃዝ የሚጫወቱበት ጃዛምባም አብሮ ነደደ። እኔ ብርሃን ማንበብ የተለማመድኩበት፣ በአዝማሪ ቤቶቹ የሚታወቀው ካዛንቺስ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. አብዛኛው ፈረሰ። ቤቶቹን የምናስታውሰው በደብዛዛ ፎቶ ነው።

ትልቅ ካሜራ ከሌለዎት ስልክዎ ይበቃል። ፍላሹን ያጥፉ። በጣትዎ እያሰፉ ከማቅረብ በእግርዎ ይቅረቡ። ስክሪኑ ላይ ፊቱን ይንኩና ብርሃኑን ወደ ታች ይሳቡት። «የሌሊት» የሚለው ዘዴ ብዙ ፎቶ ደራርቦ ስለሚሠራ ለቆመ ነገር እንጂ ለእስክስታ አይሆንም። ከሁሉ በፊት ግን ዘፋኙን ያስፈቅዱ፤ ሽልማቱንም ፎቶውንም አይንፈጉት። እኔ አሁን አንድ ቤት ስገባ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዘፈኖች ካሜራዬን ጭኔ ላይ አድርጌ አዳምጣለሁ። «ተቀበል!» ሲባል አነሳለሁ።