በምናብ ዓለም ጨዋታዎች ሃይማኖት ገጸ ባሕርያትን ይቀርጻል

በምናብ ዓለም ላይ የተመሠረቱ ጨዋታዎችን የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ለፈጠሩት ዓለም ሃይማኖት ሲያበጁ፣ አማልክትን ከመሰየም ባለፈ እምነቱ የሰዎችን ውሎና ውሳኔ እንዴት እንደሚገዛ ማሳየት ይጠበቅባቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ የታተመው "ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ" የተሰኘው ጨዋታ ከመነሻው የሃይማኖት አገልጋይን ከዋና ዋና ገጸ ባሕርያቱ መካከል አካቷል።

እምነት የዕለት ኑሮን እንዴት እንደሚመራ በጎጃም ደጋማ አካባቢ የምትገኘው ሮብ ገበያ ታሳያለች። የከተማዋ መጠሪያ የሆነው ረቡዕ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከትንሣኤ በኋላ ካሉት 50 ቀናት በስተቀር የጾም ቀን ነው። በዚህ ዕለት ቅቤና እንቁላል ለገበያ የሚያወጣ ጿሚ ከሚሸጠው አይቀምስም። እንዲህ ያለው ዝርዝር ያለ ስብከት የአንድን ዓለም እምነት ይገልጣል።

የጎጃሙ ተወላጅ ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ለኅትመት ባበቁት "ፍቅር እስከ መቃብር" ልብ ወለድም በዛብህ በሕይወት እንዲቆይላቸው ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ተስለውታል። ሰብለ ወንጌልን ሲያፈቅር ሌሎች የተሳሉለት ስለት ከገዛ ልቡ ጋር ያጋጨዋል።

በመሆኑም የጨዋታ አዘጋጅ በቅድሚያ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ ገጸ ባሕርይው እምነቱን ቢያፈርስ ምን ያጣል የሚለው ነው። የሚያጣው ነገር ከሌለ ሃይማኖቱ ከጌጥነት አያልፍም።