የሃርድዊክ ግንብና ያሠሩት እመቤት

ከእንግሊዝ አገር መካከል፣ ደርቢሽር በሚባለው አውራጃ፣ በኮረብታ አናት ላይ የቆመውን የሃርድዊክን ግንብ በማለዳ ፀሐይ ከሩቅ ለሚያይ መንገደኛ፣ አስቀድሞ ዓይኑን የሚመታው ድንጋዩ ሳይሆን ከመስኮቶቹ የሚንቦገቦገው ብርሃን ነው። መስታወት ዋጋው እጅግ በከበደበት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፍጻሜ፣ ከግድግዳው ይልቅ መስታወቱ በርክቶ የሚታይ ቤት ማሠራት፣ ባለጸግነትን ያለ ነጋሪት ለአገር ሁሉ ማወጅ ነበር።

ያሠሩትም በታሪክ የሃርድዊኳ ቤስ በመባል የሚታወቁት እመቤት ኤልሳቤጥ ናቸው። ሀብቱ መጠነኛ ከሆነ ባላባት ተወልደው፣ አራት ጊዜ በሕግ አግብተው፣ በየጋብቻውም ማዕረጋቸውና ርስታቸው እየሰፋ ሄዶ፣ በመጨረሻ የሽሩዝበሪው ኧርል ባለቤት ለመሆን በቁ። ይህ ኧርል የስኮትላንድን ንግሥት ሜሪን በግዞት ይጠብቁ የነበሩት ሰው ናቸው፤ በግንቡም ውስጥ በንግሥቲቱ ስም የሚጠራ ክፍል ስላለ፣ ብዙ ሰው ሜሪ እዚያ የታሰሩ ይመስለዋል፤ እርሳቸው ግን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1587 በሞት ሲቀጡ የዚህ ቤት መሠረት ገና አልተጣለም ነበር። ኧርሉ በ1590 ሲያርፉ፣ ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈው እመቤት በዚያው ዓመት፣ ገና ያላለቀ ሌላ ቤታቸው አጠገብ አዲሱን ግንብ አስጀምረው በ1597 ገቡበት።

ንድፉ የሐናፂው የሮበርት ስሚትሰን ነው ይባላል፤ አሳቡም እጅግ የሚደነቅ ነው። ሕንጻው ሦስት ደርብ ሲኖረው፣ የጣራው ከፍታ እንደ ነዋሪው ማዕረግ ያድጋል፤ ምድር ቤቱ የሎሌዎች፣ መካከለኛው የእመቤቲቱና የቤተ ሰቡ፣ ላይኛው ደግሞ የክብር እንግዳ መቀበያ ስለሆነ፣ መስኮቶቹ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር እየረዘሙ ይሄዳሉ። የእሳት ምድጃዎቹን ጭስ ማውጫ አብዛኛውን በውስጥ ግድግዳዎች ውስጥ በመቅበር፣ የውጩን ግድግዳ ለመስታወት ነጻ አደረገው። አስቀድሞ በእንግሊዝ ቤቶች ታላቁ አዳራሽ በሕንጻው ፊት ለፊት ተጋድሞ ይሠራ ነበር፤ እዚህ ግን ከፊተኛው በር እስከ ኋላ ሕንጻውን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ይህም ለዘመኑ አዲስ ነገር ነበር። በስድስቱ ማማዎች አናት ላይ፣ ከዘውድ በታች፣ የኤልሳቤጥ ሽሩዝበሪ ስም ሁለት መነሻ ፊደላት በድንጋይ ተቀርጸው ከሰማይ ጋር ይታያሉ። ስሙን እንዲህ አጉልቶ ከቤቱ ጣራ ላይ የሰቀለ ባላባት እኔ አላውቅም።

ከሰፊው የድንጋይ ደረጃ ላይ የወጣ እንግዳ፣ ግድግዳው በኖራ በተቀረጹ የዱር አራዊትና የአደን ሥዕሎች ወደ ተከበበው የክብር እልፍኝ ይገባል፤ ከዚያም ወደ 50 ሜትር የሚጠጋው ረጅሙ አዳራሽ ይቀበለዋል። በዚህ አዳራሽ ግድግዳ ላይ የመስፍኑ ጌዴዎን ታሪክ፣ ከመጽሐፈ መሳፍንት እንደምናነበው፣ በ13 ታላላቅ የተሸመኑ መጋረጃዎች ተሥሎ ይገኛል። እመቤቲቱ እነዚህን የገዟቸው ለሌላ ሰው ከተሸመኑ በኋላ ነው፤ የቀድሞውን ባለቤት አርማ በራሳቸው አርማ እንዲሸፈን አዘዙ።

እመቤት ቤስ በ1608 ካረፉ በኋላ፣ ግንቡ ለልጃቸው ለዊልያም ካቨንዲሽና ለዘሮቹ፣ ኋላም የዴቨንሽር መሳፍንት ለሆኑት ተላለፈ። እነዚህ መሳፍንት ቻትስወርዝ በሚባለው ሌላ ቤታቸው መኖርን ስለ መረጡ፣ ሃርድዊክ ለትውልዶች ያህል ሳይታደስና ሳይለወጥ ቀረ። ብዙዎች ችላ መባል ቅርስን ያጠፋል ይላሉ፤ ይህን ቤት ግን ያተረፈው፣ በእኔ ፍርድ፣ የጌቶቹ ችላ ማለት ነው፤ ቻትስወርዝ በየዘመኑ ፈርሶ ሲታነጽ፣ ሃርድዊክ የኤልሳቤጥን ዘመን መልኩን ይዞ ቆየ። የዘመኑ የዴቨንሽር መስፍን በ1950 ሲሞቱ የተጣለው 80 ከመቶ የውርስ ግብር ግንቡን ከቤተ ሰቡ እጅ አውጥቶ፣ በ1959 ናሽናል ትረስት ለሚባለው የቅርስ ጠባቂ ድርጅት አስረከበው።

በዚህ ድርጅት ጥበቃ ሥር፣ የጌዴዎን መጋረጃዎች አንድ በአንድ ወርደው ታጥበውና ተጠግነው ተመልሰው እስኪሰቀሉ ድረስ 24 ዓመት ፈጀ፤ ሥራው የተፈጸመው በ2023 ነው።