ሰፊው ሌንስና ያነሰው ተራራ

ፎቶግራፍ ከሚወዱ ተማሪዎቻችን አንዱ በቅርቡ ወደ ቢሮአችን መጥቶ ምክር ጠየቀን። የመልክዓ ምድር ፎቶግራፍ እያነሳ ሊተዳደር አስቧል፤ ቤተሰቦቹም ወይፈን ሸጠው ገንዘብ ልከውለታል። ሊገዛ የፈለገው በገበያ ላይ ካሉት ሁሉ እጅግ ሰፊ የእይታ ማዕዘን ያለውን ሌንስ ነው። «የስሜን ተራሮች ሰፊ ስለሆኑ ሰፊ ሌንስ ይሻሉ» አለን።

እኛም በዚሁ መንገድ አልፈናል። በውጭ አገር ስንማር ከድጎማችን ቆጥበን ባለ 16 ሚሊ ሜትር ሌንስ ገዛን። ወደ አገራችን ስንመለስ እሜት ጎጎ አፋፍ ላይ ቆመን ብዙ ፎቶግራፍ አነሳን። ይሁን እንጂ በዓይናችን ስናያቸው ልብ የሚያርዱት አምባዎች በፎቶግራፉ ላይ እንደ ጉንዳን ኩይሳ ሆነው ቀሩ። ጥፋቱ የሌንሱ አልነበረም፤ በክፍል ውስጥ የምናስተምረውን ቀላል ቀመር እኛው ራሳችን ረስተነው ነበር።

ቀመሩ ምን ይላል?

በሩቅ ያለ ነገር በካሜራው ሴንሰር ላይ የሚኖረው ቁመት የሚገኘው የሌንሱን የትኩረት ርቀት፣ ማለትም ፎካል ሌንግዝ የምንለውን፣ በነገሩ ቁመት አባዝተን ለርቀቱ ስናካፍል ነው። 1000 ሜትር ቁመት ያለው ገደል ከእኛ 10 ኪሎ ሜትር ይርቃል እንበል። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ምስሉ 5 ሚሊ ሜትር፣ በ24 ሚሊ ሜትር 2.4፣ በ16 ሚሊ ሜትር ደግሞ 1.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የሙሉ መጠን ሴንሰር ቁመት 24 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ በ16ቱ ሌንስ ያ ሁሉ ገደል የፎቶግራፉን ቁመት አንድ አሥራ አምስተኛ ብቻ ይይዛል። የቀረው ሰማይና መሬት ነው።

በአንጻሩ የአግድም እይታ ማዕዘኑ በ50 ሚሊ ሜትር 40 ዲግሪ፣ በ24 ወደ 74፣ በ16 ወደ 97 ዲግሪ ይሰፋል። ሰፊ ሌንስ ብዙ ያስገባል፤ ያስገባውን ሁሉ ግን ያሳንሳል።

ታዲያ ለምን ይጠቅማል?

ጥቅሙ በቅርብ ያለውን ከሩቁ ጋር ማገናኘቱ ነው። አንድ ሜትር ቁመት ካለው ጅብራ 2 ሜትር ርቀን በ24 ሚሊ ሜትር ሌንስ ብናነሳው ምስሉ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ማለትም የፎቶግራፉን ቁመት ግማሽ ይሆናል፤ ገደሉም ከበስተጀርባው ይታያል። የሁለቱን ምጥጥን የሚወስነው የቆምንበት ቦታ እንጂ ሌንሱ አይደለም፤ ሌንሱ የሚያደርገው ሁለቱንም በአንድ ላይ ማስገባት ነው።

ሁለቱም ጥርት ብለው እንዲወጡ የብርሃን ቀዳዳውን ኤፍ 8 ላይ አድርገን ትኩረቱን 2.4 ሜትር ላይ ብናደርግ፣ ከ1.2 ሜትር እስከ አድማስ ያለው ሁሉ በአጥጋቢ ሁኔታ ይጠራል። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን ጥራቱ የሚጀምረው ከ5.2 ሜትር ነው። ቀዳዳውን እስከ ኤፍ 22 ማጥበብም መፍትሔ አይሆንም፤ በዲፍራክሽን ምክንያት የአንዲት ነጥብ ምስል ከ0.011 ወደ 0.03 ሚሊ ሜትር ሰፍቶ ፎቶግራፉን ያደበዝዛል።

የጠርዙ ዋጋ

ስፋት ዋጋ ያስከፍላል። የሴንሰሩ ግማሽ ወርድ 18፣ የትኩረት ርቀቱ 24 ሲሆን የተማሪ ቤቱ 3፣ 4፣ 5 ሦስት ማዕዘን ይገኛል፤ ኮሳይኑ 0.8 ነው። በቀላል ሌንስ የጠርዙ ብርሃን በኮሳይን አራተኛ ርቢ ስለሚቀንስ የመሐሉን 41 በመቶ ብቻ ይሆናል። የሌንስ ነዳፊዎች ይህን ጉድለት የሚያቃልሉት ተጨማሪ መስታወት በመደርደር ነው። ከዚህም በላይ ባለ መስታወት ካሜራ ውስጥ መስታወቱ የሚነሳበት ክፍተት ስለሚያስፈልግ ሌንሱ ወደ ኋላ ሊጠጋ አይችልም ነበር። ፈረንሳዊው ፒየር አንዤኒዩ በ1950 እ.ኤ.አ. ያወጣው ባለ 35 ሚሊ ሜትር «ሬትሮፎከስ» ለዚህ ችግር ከተገኙት ታዋቂ መፍትሔዎች አንዱ ነው። መስታወት አልባ ካሜራዎች ይህን ገደብ አንስተውታል።

ለተማሪያችን የሰጠነው ምክር

የእርሱ ካሜራ ሴንሰር አነስተኛ ስለሆነ 16 ሚሊ ሜትር ለእርሱ እንደ 24 ነው። አብሮ የመጣው ባለ 18-55 ሚሊ ሜትር ሌንስም 66 ዲግሪ ያህል ያሳየዋል። መልክዓ ምድር በአብዛኛው በኤፍ 8 አካባቢ ስለሚነሳ፣ ኤፍ 2.8 ለሚከፈት ከባድና ውድ ሌንስ ገንዘብ ማፍሰስ አያስፈልገውም። ስለሆነም አስቀድሞ ጠንካራ የካሜራ ማቆሚያ እንዲገዛና ባለው ሌንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ እንዲሠራ መከርነው።

ካሜራ የሌላችሁም ብትሆኑ መሞከር ትችላላችሁ። በካርቶን ላይ 18 በ12 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ቁረጡ። አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ካርቶኑን ከሌላው ዓይናችሁ 25 ሴንቲ ሜትር ብታርቁት የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስን፣ 12 ብታርቁት የ24ን፣ 8 ብታርቁት የ16ን እይታ ታገኛላችሁ። የምትወዱትን ተራራ በዚያ ቀዳዳ ተመልከቱት። ቤተሰብ ወይፈን የሚሸጠው ከዚያ በኋላ ቢሆን ይሻላል።