ከምናለሽ ተራ እስከ ቬኒስ፦ የውዳቂ ዕቃ ጥበብ

ከደጀን ተነስቶ ብቸናንና ሞጣን አቋርጦ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ የምሥራቅ ጎጃምን ጓዳ ቀይሮታል። በእንስራው ቦታ ጄሪካን፣ በቅሉ ቦታ የፕላስቲክ ጆግ፣ በኩራዙ ቦታ የሶላር መብራት ገብቷል። ያም ሆኖ ያገሩ ሰው ዕቃ መጣል አይሆንለትም። ያለቀ የመኪና ጎማ ተቀዶ በረባሶ ይወጣዋል። ቸርኬው ትምህርት ቤት ግቢ ካለ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ደወል ይሆናል። የድልህ ቆርቆሮ ክዳኑ ተበስቶ ክር ከገባለትና ላምባ ከተሞላ ቤት ሲያበራ ያመሻል።

ይህ ችግር የወለደው ብልሃት ነው። የውዳቂ ዕቃ ጥበብ የሚባለው ደግሞ ከዚሁ ብልሃት ይነሳና ሌላ ነገር ይጠይቃል፦ ዕቃው ምን አየ? በማን እጅ ነበር? ለምንስ ተጣለ?

በዓለም ላይ የዚህ ጥበብ መንገድ የተጀመረው ከመቶ ዓመት በፊት ነው። ማርሴል ዱሻምፕ እ.ኤ.አ. በ1917 ከሱቅ የተገዛ የወንዶች መሽኛ ገንዳ ለኤግዚቢሽን አቅርቦ ኒውዮርክን አወዛገበ። ፒካሶ በ1942 የብስክሌት ኮርቻና መሪ ገጥሞ የበሬ ራስ አወጣ። ጋና ተወልዶ ናይጄሪያ የሠራው ኤል አናትሱይ የመጠጥ ጠርሙስ ቆርኪዎችን በመዳብ ሽቦ እያያያዘ ግድግዳ የሚያለብስ መጋረጃ ሠራ።

በእኛ አገር በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው ኤልያስ ስሜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ ተወለደ፤ በ1990 ከአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመረቀ። በመጀመሪያ ክር፣ የልብስ ቁልፍና የጠርሙስ ቆርኪ ሸራ ላይ በመርፌ ይሰፋ ነበር። ቀጥሎ ፊቱን ወደ መርካቶ አዞረ። ቆራሌው ከየሰፈሩ የለቀመው ብረታ ብረትና የተበላሸ ዕቃ የሚራገፍባት ምናለሽ ተራ ለኤልያስ የቀለም መደብሩ ሆነች። ከዚያ የሚገዛው የተፈታታ ኮምፒዩተር፣ የተሰበረ ስልክና የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ቀለማቸው የተለያየ ቀጫጭን ሽቦዎች ይጎነጎናሉ፤ ጉንጉኑ ጣውላ ላይ ይዘረጋል፤ አንዱ ከሌላው ጋር እየተጠጋጋ በሚስማር ይመታል። በሌላው ጣውላ ላይ ማዘርቦርዶችና የኮምፒዩተር ኪቦርድ ቁልፎች በሺዎች ይደረደራሉ። ሥራው ሲያልቅ ከሩቅ ለሚያየው ጮቄ ተራራ ላይ ተቁሞ ቁልቁል እንደሚታይ ማሳ ነው፤ አረንጓዴው፣ ቢጫው፣ ቡናማው በየልኩ ተከፋፍሎ። ጠጋ ሲሉ ግን ፊደሉ የተፋቀ የኪቦርድ ቁልፍ ያገኛሉ። ፊደሉን የፋቀው ጣት ነው። የማን ጣት እንደሆነ አይታወቅም፤ አንድ ሰው ዓመታት ሙሉ ሲጽፍበት እንደኖረ ግን ይመሰክራል። ዕቃ ትዝታ የሚይዘው እንዲህ ነው።

«ታይትሮፕ» የተሰኘው ተከታታይ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ በዌሊን ሙዚየም ታየ። ኤልያስ በ2022 በቬኒስ ቢየናሌ ዋና ኤግዚቢሽን ሥራውን አቀረበ። ከአንትሮፖሎጂስቷና የኤግዚቢሽን አዘጋጇ መስከረም አሰግድ ጋር ሆኖ ደግሞ በአዲስ አበባ መካኒሳ ዞማ ሙዚየምን መሥርቷል። ሙዚየሙ በ2019 ለሕዝብ ሲከፈት ግድግዳው የቆመው አባቶቻችን ቤት በሚሠሩበት ጭቃና ጭድ ነው።

ጉዳዩ የውበት ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ባወጣው አኃዝ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አምርቷል፤ በአግባቡ ተሰብስቦ ዳግም ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው ከሩብ በታች ነው። ድሮ ዕቃ ሲሰበር ይጠገን ነበር። ዛሬ ስልካችን ሳይሰበር እንለውጠዋለን። ልዋጩም በየደጁ እየተጣራ ያረጀ ልብስና ጫማ ተቀብሎ አዲስ የላስቲክ ሳፋ ይሰጣል። ሳፋው ቤት ሲገባ እናት ለክብረ በዓል ትለብሰው የነበረው ቀሚስ ከነታሪኩ ይሄዳል።

ይህ ጥበብ ብዙ ገንዘብ ስለማይጠይቅ ለብቸናና ለሞጣ ትምህርት ቤቶች ይመቻል። መምህራን ሆይ፣ ከዚህ ጀምሩ። ተማሪዎች አንድ ዓይነት ዕቃ በብዛት ይሰብስቡ፤ ቆርኪ ከሆነ ቆርኪ፣ የጄሪካን ክዳን ከሆነ ክዳን። የአጠቃቀሙ ምልክት ትዝታው ስለሆነ ቀለም አይቀቡት፣ ጭረቱንም አያጥፉ። የማን እንደነበረና ምን እንደተሠራበት ባለቤቱን ጠይቀው ከጎኑ ይጻፉ። ሽቦ ማቃጠልና ባትሪ መስበር ግን መርዝ ነውና ይከልከል። እናንተም አንባብያን፣ ልዋጩ ደጃችሁ ሲጣራ የአያታችሁን ኩራዝና አገልግል ከመስጠታችሁ በፊት ታሪኩን ጠይቃችሁ ጻፉት፤ ከተቻላችሁም ዕቃውን ለትምህርት ቤቱ ስጡት።